መኪናው የእኛ ነው፤ መልእክቱስ የማን ነው?

መሞቱን ግድግዳ ላይ ለጥፈውት ነበር። እኔም ሁለት ቀን ሙሉ ከወረቀቱ አጠገብ ቆሜ አውቶቡስ ስጠብቅ ነበር። ሃደራ ውስጥ ናሕሊኤል ሰፈር፣ ከቤቴ ፊት ለፊት ባለው ፌርማታ ላይ፣ ዙሪያው በጥቁር የታጠረ ነጭ ወረቀት ነው። በትልልቅ የዕብራይስጥ ፊደል «መኢር» ይላል፤ ከሥሩ ለቅሶው ቤት ኤሊዔዘር በሚባለው ሰፈር መሆኑ ተጽፏል። አንብቤዋለሁ። አንድ መኢር የሚባል ሰው ሞቷል፣ ነፍስ ይማር ብዬ ወደ ስልኬ ተመለስኩ። በሦስተኛው ቀን እናቴ ደወለች።

«እናኑ፣ ለማሩ ለቅሶ አልሄድሽም እንዴ?»

«የትኛው ማሩ?»

«የትኛው ማሩ ትለኛለች! ካንቺ ጋር ይሠራ የነበረው ነዋ። ከተቀበረ ሦስት ቀኑ። ወረቀቱ ደጃፍሽ ላይ ተለጥፎ የለም ወይ?»

እናቴ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ከሥራ የተባረረው ሰርቆ ነው ይላሉ። ሬሳው ሳይወጣ እንኳ ሲሉ ሰማሁ። አንቺ አብረሽው ነበርሽ፤ እውነት ነው?»

«ኋላ እደውልልሻለሁ» ብዬ ዘጋሁት።

ደሜ ፈላ። መጀመሪያ የተናደድኩት በወረቀቱ ነው። የሚያትሙት ሰዎች መታወቂያው ላይ ያለውን ስም ይገለብጣሉ፤ መታወቂያው ላይ ያለው ደግሞ አንዲት ጸሐፊ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ደክሟት የጻፈችው ነው። እናቱ ማሩ አለችው፣ ሚስቱ ማሩ አለችው፣ ሰፈሩ ማሩ አለው፤ ሲሞት በማያውቁት ሰው ስም ለጠፉት። ከወረቀቱ ቀጥሎ የተናደድኩት ሌባ በሚሉት ነው። ከሁሉ አብልጬ የተናደድኩት በማን እንደሆነ ደግሞ ቀስ ብዬ እናገራለሁ፤ አፌ ገና አልታዘዘልኝም።

ማሩ ከጎንደር ገጠር እዚህ አገር የመጣው በአሥራ ሰባት ዓመቱ ነው። ውትድርናውን ጨርሶ፣ ጋን ሽሙኤል በኩል ባለ አንድ መጋዘን በር ላይ ለብዙ ዓመት ዘበኛ ሆኖ ሠራ። አርባ ሦስት ዓመት ሲሞላው ማንንም ሳያማክር ከሥራ በኋላ ኮርስ ገብቶ የሶፍትዌር ሞካሪነት ተማረ። ሞካሪ ማለት ሌላው የጻፈውን ፕሮግራም ደንበኛ እጅ ከመግባቱ በፊት እየነካካ የት ላይ እንደሚሰበር የሚፈልግ ሰው ነው። እኔ ፕሮግራም ጸሐፊ ነበርኩ። ቢሯችን ሃደራ ኢንዱስትሪ ሰፈር፣ ከአንድ የንጣፍ ሱቅ በላይ፣ ሃያ የማንሞላ ሰዎች የምንሠራበት ትንሽ ድርጅት ነበር። እሱ እስኪመጣ ድረስ ከሐበሻ እኔ ብቻ ነበርኩ። እውነቱን ልናገርና፣ የመጣ ቀን ደስ አላለኝም። አሁን ሁለታችንን አንድ ላይ ሊያዩን ነው ብዬ ነው። እንዲህ ያለች ሴት ነበርኩ።

የመጀመሪያው ቀን በር ላይ ያለችው ልጅ የጥበቃ ድርጅቱ የላከው ሰው መስሏት የመግቢያውን ቁልፍ አስታቀፈችው። ማሩ ቁልፉን አገላብጦ አየና ጠረጴዛዋ ላይ መልሶ አስቀመጠላት። «ይህን ሥራ ጨርሼዋለሁ፤ አሁን የመጣሁት ኮምፒውተሬን ልይ ብዬ ነው» አላት፤ ፈገግ ብሎ። እኔ በሱ ቦታ ብሆን ቁልፉን ወርውሬ እሄድ ነበር።

እርስዎ ልለው ስሞክር ከለከለኝ። «እርስዎ ስትዪኝ ጉልበቴን ያመኛል፤ ጋሼ ብቻ በይኝ» አለ። ስለዚህ ጋሼ አልኩት፣ አንተ አልኩት። ረጅም ነበር፣ ትከሻው ጠበብ ያለ፣ ሲያስብ የግራ ጆሮውን ጫፍ የሚያሽ። የተከፈተ በር ያንኳኳ ነበር። የሥራ አስኪያጃችን የሮኔን ቢሮ ቀኑን ሙሉ ክፍት ነው፤ ሁሉም እየሮጠ ይገባል፣ እየሮጠ ይወጣል። ማሩ ብቻ ደፉ ላይ ቆሞ መቃኑን በጣቱ ቆርቆር ያደርግና ይጠብቃል። ወጣቶቹ ይስቁበታል።

«ማሩ፣ በሩ ክፍት ነው እኮ!»

«መከፈቱንማ አይቻለሁ» ይላቸዋል። «ግባ መባሌን ነው የምጠብቀው።»

ይህን ሰው ነው ኋላ ሰብሮ ገባ ያሉት። ይህን ሰው!

በየቦታው የሚይዘው አንድ ባለ ካሬ ደብተር ነበረው። የሚጽፈው በአማርኛ ነው፤ በየገጹ አናት ላይ ሁለት ጥያቄ ያሰፍራል። ማን ላከው? ወዴት ነው የሚሄደው? አንድ ቀን ይህ ነገር ምንድን ነው ብዬ ጠየቅሁት። ወንበሩን ወደ እኔ አዞረ።

«መጋዘን በር ላይ ሳለሁ የራሳችን መኪና መጣ» አለኝ። «ስማችን በጎኑ ላይ ተጽፏል፤ ሹፌሩም ዓመት ሙሉ የማውቀው የራሳችን ሰው ነው። ሁሌ እጄን አንሥቼ አሳልፈዋለሁ። የዚያን ቀን ግን የመጣበት ሰዓት ግራ ገባኝ። አስቆምኩት። ማን ላከህ? አልኩት። ‹አንድ ሰው ደውሎ ከውስጥ ዕቃ አውጣልኝ አለኝ› አለ። ማን ሰው? አላውቀውም አለኝ። እናኑ፣ ሹፌሩ ሌባ አልነበረም። የታዘዘውን የሚያደርግ የዋህ ነው። ሌባው የደወለው ነው። ግን መኪናው የእኛ ስለሆነ የውስጡ በር ሁሉ ዝም ብሎ ይከፈትለት ነበር።»

«ታዲያ አለቃህ አመሰገነህ?»

«ምን ያመሰግናል! መኪናዬን አዘገየህብኝ ብሎ እየጮኸ ባላጋን አነሣ። እኔም መኪናው የእኛ ነው፤ መልእክቱስ የማን ነው? አልኩት።» ሳቀ። «መኪናው ተመለሰ፣ ዕቃው ተረፈ፣ እኔ ተሰደብኩ።»

የእኛ ድርጅት የሚሸጠው ፕሮክሲ የሚባል ሶፍትዌር ነበር። ፕሮክሲ ተላላኪ ነው። አንድ ሠራተኛ አንድ ድረ ገጽ ማየት ሲፈልግ ኮምፒውተሩ ራሱ አይሄድም፤ ፕሮክሲውን «ይህን አምጣልኝ» ይለዋል፣ ፕሮክሲው ሄዶ ያመጣለታል። የሁሉም መንገድ በአንድ በር ስለሚያልፍ መቆጣጠር ይቀላል፣ ክፉም አይገባም ብለን ነው የምንሸጠው። ያን ሰሞን የሕክምና ጣቢያዎች ያሉት አንድ ደንበኛ ይዘን ነበር፤ ሮኔን በደስታ መሬት አልበቃችው።

ማሩ በሰባተኛ ወሩ ያገኘው ነገር ይህ ነው። ከውጭ ያለ፣ ከደንበኛው ጋር ምንም ግንኙነት የሌለው ሰው፣ ለእንግዶች በተተወችው ገጽ በኩል ገብቶ ፕሮክሲውን «ከራስህ ቤት ውስጥ ያለውን አምጣልኝ» ሊለው ይችላል። የውስጥ ኮምፒውተሮች የይለፍ ቃል የሚጠይቁት ከውጭ የመጣውን ነው። ፕሮክሲው ሲጠይቃቸው ግን ቤተኛ ነውና ይሰጡታል። እሱም ተቀብሎ ለማያውቀው ሰው ያስረክባል። ማንም በር አልሰበረም፣ ማንም ቁልፍ አልሰረቀም፤ የራስ ተላላኪ የራስን ቤት አራቁቶ አወጣው ማለት ነው።

«መኪናው ነው» አለኝ ማሩ፣ ጆሮውን እያሸ። «ያ መኪና ነው፣ እናኑ። እዚህ ድረስ ተከትሎኝ መጣ።»

ሮኔን ሲነገረው ትከሻውን ነቀነቀ። «ማን ይህን ያስባል?» አለ። ማሩ «እኔ አስቤዋለሁ» ሲለው ግን ፊቱ ትንሽ ተለወጠና ወደ እኔ ዞረ። «ኢላና፣ ዛሬውኑ አስተካክይው።» ኢላና እኔ ነኝ። ዘጠኝ ዓመቴ ሳለሁ ትምህርት ቤት ያወጡልኝ ስም ነው፤ ቤት እናኑ፣ ቢሮ ኢላና።

በግማሽ ቀን አስተካከልኩት። ዝርዝር ጻፍኩ። ኮምፒውተር ራሱን የሚጠራበት የታወቀ ስም አለ፣ የታወቀ አድራሻም አለ፤ ከውጭ የመጣ ጥያቄ እነዚህን ስሞች ከያዘ ፕሮክሲው እምቢ እንዲል አደረግሁት። ሞከርኩት፣ እምቢ አለ። ኮራሁ። ሮኔን አውራ ጣቱን አነሣልኝ፣ እኔም ወደ ቤቴ ሄድኩ።

በማግሥቱ ጠዋት ማሩ ጠረጴዛዬን አንኳኳ። ጠረጴዛ እንኳ ያንኳኳል።

«ኢላና» አለኝ። በዚያ ስም ጠርቶኝ አያውቅም።

«ምን ሆንክ ጋሼ?»

«እናኑ የምትባል እንዳትገባ ብለው ዘበኛውን ቢያዙት፣ ኢላና ነኝ ብለሽ ብትመጪ ያሳልፍሻል?»

«ያሳልፈኝ ይሆናል። ግን ያው እኔ ነኝ እኮ።»

«ያው አንቺ ነሽ» አለና የሙከራ ኮምፒውተሩን ወደ እኔ አዞረልኝ። የኮምፒውተር አድራሻ በነጥብ የተለያዩ አራት ቁጥሮች ናቸው። ማሩ ያንኑ አድራሻ ነጥብ በሌለው በአንድ ረጅም ቁጥር ጻፈው፤ ቤቱ ያው ነው፣ አጻጻፉ ብቻ ሌላ። ዝርዝሬ እንዲህ ያለ ስም አያውቅም። አሳለፈው። የውስጡ ገጽ ተከፈተ። ቀጥሎ ከውጭ የሆነ የሚመስል፣ መንገዱ ግን ወደ ውስጥ የሚያደርስ ስም አዘጋጅቶ ኖሮ እሱን ጻፈ። እሱም ተከፈተ። ተናደድኩ። የተናደድኩት በሱ ነው፤ ሰው ስህተቱን ሲያሳዩት በማን ይናደዳል?

«እንግዲህ ዳይ፣ በቃ!» አልኩት። «ስንት ስም ልጻፍ?»

ቁጭ አለ። «እዚህ አገር ስገባ» አለኝ «አንዲት ጸሐፊ ስምህ ማን ነው አለችኝ። ማሩ አልኳት፣ መኢር ብላ ጻፈች። የአያቴን ስም የቤተሰብ ስም አደረገችው። ሐኪም ቤት ሄጄ መኢር ብለው ሲጣሩ ሌላ ሰው መስሎኝ ስንት ጊዜ ተራዬ አልፏል። ማሩን የሚፈልግ መኢርን አያገኝም፣ መኢርን የከለከለ ማሩን አልከለከለም። አንቺም እንደኔው ነሽ። እናኑ፣ ሌላው ቢሳሳት አይደንቀኝም። ከሰው ሁሉ አንቺ እንዴት በስም ታምኛለሽ?»

ከሰው ሁሉ አንቺ። ይህችን ቃል ሲላት ድምፁን አላነሣም፤ እኔ ግን እስከ ዛሬ ትቆጠቁጠኛለች። እዚህ አገር ገብቶ ሌላ ስም ያልተለጠፈለት ከእኛ ማን አለ? ያንን እያወቅሁ ነው በስም ብቻ የሚያጣራ በር የሠራሁት።

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

«ስሙን ተይው። የተላከውን ተከትለሽው ሂጂ፣ የሚደርስበትን ቤት እዪ፤ የሚከለከለው እዚያ ነው። ደግሞ የተከለከለውን አትልቀሚ፣ አያልቅልሽም። የተፈቀደውን ጻፊ፣ የቀረው ሁሉ ይቅር።»

ልክ ነበር። ሥራው ግን አንድ ሳምንት ይፈልጋል። ሮኔን ዘንድ ሄድን፣ ማሩ አንኳኳ፣ ገባን። ሮኔን በዚህ ሳምንት ማስረከብ አለብን፣ ዝርዝሩ ይበቃል አለ። ማሩ ሦስት ጊዜ በጽሑፍ አስታወቀው። ሦስት ጊዜም ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ሶፍትዌሩ ቀዳዳውን እንደያዘ ወደ ሕክምና ጣቢያዎቹ ሄደ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በደንብ አስታውሳለሁ። ይህን ዓረፍተ ነገር አስምሬበት ብጽፈው ደስ ይለኛል።

ደንበኛው ጋር ለማስረከብ ሦስታችን ሄድን፤ ሮኔን፣ እኔና ማሩ። የተቀበለችን የኮምፒውተር ክፍላቸው ኃላፊ ናት፣ ፀጉሯ የሸበተ፣ ቶሎ የምታምን የማትመስል ሴት። ሁሉም ነገር ሲሠራ አየችና ለሮኔን «አስተማማኝ ነው?» አለችው።

«ሙሉ በሙሉ» አለ ሮኔን። «አርፈሽ መተኛት ትችያለሽ።»

«አይደለም» አለ ማሩ።

በሩ አጠገብ ቆሞ ነበር። ሮኔን ዞሮ አየው። ሴትዮዋ መነጽሯን አወለቀች። «ምን ማለትህ ነው?»

«ከፈቀድሽልኝ ላሳይሽ እችላለሁ።»

«አሳየኝ» አለች።

ከሷ ሁለት እርምጃ ርቄ ነበር የቆምኩት። ከወንበሯ ተነሥታ ለቀቀችለት። ማሩ ተቀመጠ፣ እጁን ግን አልዘረጋም፤ ቀና ብሎ አያት። «አሳየኝ አልኩህ እኮ» አለች ደግማ። ያኔ ጻፈ። ያቺን ረጅም ቁጥር። የበሽተኞች የቀጠሮ ዝርዝር ስክሪኑ ላይ ወጣ፤ የማን ስም፣ የቱ ሐኪም፣ ለምን በሽታ። ማሩ ወዲያው ደብተሩን አንሥቶ ስክሪኑን ከለለው።

«ዝጊው» አላት። «ይህን እኔም ማየት የለብኝም።»

በሳምንቱ መጀመሪያ ለማሩ የሺሙዕ ደብዳቤ መጣለት። ሺሙዕ ማለት ሰው ከመባረሩ በፊት ቃሉን ይስጥ ብለው የሚያስቀምጡበት ስብሰባ ነው። ደብዳቤው ያለ ፈቃድ የደንበኛ ኮምፒውተር ውስጥ ሰብረህ ገብተህ የበሽተኞች መረጃ ከፍተሃል ይላል። ሰብረህ!

ማሩ ደብዳቤውን ካነበበ በኋላ ወደ እኔ መጣ። ፊቱ ጠቁሯል። «ሥራው ቢቀር ይቀራል» አለኝ። «ዘበኝነት የትም አይጠፋም። ሌባ ግን እንዳይሉኝ፣ እናኑ። እኔ በሰፈር ሰው የማስታርቅ ሰው ነኝ። ሴትዮዋ አሳየኝ ስትል ሰምተሻል። እሷን ብቻ ተናገሪልኝ።»

«እሺ ጋሼ» አልኩት። ከልቤ ነበር።

በስብሰባው ጠዋት ሮኔን ለብቻዬ ጠራኝ። አልጮኸም፤ ቡና እንኳ አቀረበልኝ። «ኢላና፣ ዝርዝሩን የጻፍሽው አንቺ ነሽ» አለኝ። «ይህ ጉዳይ ከተነካካ አንቺንም ይነካል። ደንበኛዋን ደግሞ በእኛ ጠብ ውስጥ አንጎትታትም። አንቺ ያላስታወስሽውን ነገር ተናገሪ የሚልሽ የለም።»

ገብቶኛል። አልገባኝም ብዬ እንዳልዋሽ።

ስብሰባው ላይ ሮኔን፣ ጠበቃቸው፣ ማሩና እኔ ነበርን። ጠበቃው ወረቀቱን እያየ ጠየቀኝ፤ የደንበኛው ኃላፊ ለዚህ ሰው ፈቃድ ስትሰጥ ሰምተሻል?

«አላስታውስም» አልኩ።

ይኸው ነው። ዓይኔን በጨው ታጥቤ፣ ጎንደርኛ የሚያናግረኝን፣ ጋሼ የምለውን ሰው ፊት ለፊቴ አስቀምጬ አላስታውስም አልኩ። ማሩ አየኝ። ለረጅም ጊዜ አይደለም። ከዚያ ደብተሩን ዘጋና ሌላ የምትሉት ነገር አለ ወይ ብሎ ጠበቃውን ጠየቀው።

ዕቃውን ሲሰበስብ ልጠጋው አልደፈርኩም። እሱ ነው የተጠጋኝ። ከደብተሩ ስለ ቀዳዳው የጻፈባቸውን ገጾች ቀድዶ ጠረጴዛዬ ላይ አኖረልኝ።

«በሩን በደንብ ዝጊው» አለኝ። «የሰው ሕመም ነው የተቀመጠበት።»

በዘጠኝ ቀን ዘጋሁት፤ እሱ እንዳለው አድርጌ፣ ከሱ ገጾች እየገለበጥሁ። ከዚያ ድርጅቱ ለደንበኞቹ ሁሉ ማስታወቂያ ላከ፤ ባለሙያዎቻችን ባደረጉት የውስጥ ምርመራ አንድ ጉድለት ተገኝቶ ተስተካክሏል ይላል። ባለሙያዎቻችን! ያገኘው ሰው የት አለ? ከጠረጴዛው አባርረውት ጠረጴዛው ላይ የጻፈውን ወሰዱ። ለሮኔን ተጨበጨበ። ለኔም ተጨበጨበ፣ የአንድ ቡድን ኃላፊ ሆንኩ። እኔም አመሰግናለሁ አልኩ።

ቤት ኤሊዔዘር የደረሰው ወሬ ግን ሌላ ነበር። ፕሮክሲ ምን እንደሆነ ማን ያውቃል? ማሩ የበሽተኞች ፋይል ሰርቆ ተባረረ፣ አለቀ። ድሮ ባልና ሚስት ሲጣሉ፣ ወንድማማች ሲኳረፍ ማሩን ጥሩልን ይሉ የነበሩ ሰዎች መጥራት ተዉ። እሱም ሳይጠሩት የሚሄድ ሰው አይደለም። አንድ ሕንፃ የሚሠራበት ቦታ ዘበኛ ሆኖ ገባ ሲሉ ሰማሁ። አንድ ጊዜ አውቶቡስ ውስጥ አየሁት፣ ከፊት ተቀምጧል፣ ደብተሩ ጭኑ ላይ ነው። ከቤቴ ሁለት ፌርማታ ቀድሜ ወረድኩ። ሦስት ዓመት እንዲህ እያልኩ ኖርኩ፤ ታሞ እንደነበር እንኳ አላወቅሁም።

ወደ ለቅሶው የሄድኩት እናቴ በደወለች ቀን ከሰዓት በኋላ ነው። ከሕንፃው ሥር ሸራ ወጥረው የፕላስቲክ ወንበር ደርድረዋል፤ ወንዶቹ በአንድ ወገን፣ ሴቶቹ በሌላው። ባለቤቱን እትዬ ውባለምን አንድ ሁለት ጊዜ ብቻ ነው ያየኋት። ምንጣፍ ላይ ተቀምጣለች። እጇን ልጨብጥ ጎንበስ ስል ትክ ብላ አየችኝ።

«እናኑ ነሽ?»

«አዎ እትዬ።»

እጄን ሳትለቅ ጎኗ አስቀመጠችኝ። አጠገቧ ወዳሉት ሴቶች ዞረች። «ያልኳችሁ ልጅ ይቺ ናት» አለቻቸው። «ያ ሁሉ ሰው ሲክደው እሷ ብቻ ቆመችለት። ከሺሙዑ የመጣ ዕለት ‹እናኑ ሁሉንም ተናገረች፣ አልሰሟትም እንጂ› አለኝ። ታዲያ ለምን አትጠይቅህም ስለው ‹ልትረዳኝ ስላልቻለች አፍራ ነው፣ አትውቀሻት› ይለኝ ነበር። ናኾን፣ ልጄ? እንዲያ ነው አይደል?»

ሴቶቹ መረቁኝ። አንዷ ጉልበቴን መታ መታ አደረገችኝ።

በማሩ ተናደድኩ። አዎ፣ በሞተው ሰው። ማን ለምኖት ነው? ማን ዋሽልኝ አለው? እኔ ስሙን አሳልፌ ሰጥቼ ስመጣ፣ እሱ ቤቱ ገብቶ የኔን ስም ሲጠብቅ ሦስት ዓመት ኖረ። ዝም ብል ያልፍ ነበር። ሻይ ጠጥቼ፣ አልቅሼ፣ ተመርቄ እሄድ ነበር። ከወንዶቹ ወገን ግን አንድ ሽማግሌ ለጎረቤቱ ሲናገር ሰማሁት፤ በሹክሹክታ ያወራ መስሎታል፣ ጆሮው ስለማይሰማ ድምፁ ለሁላችንም ይደርሳል።

«ደግ ሰው ነበር፤ ብቻ ያ የስርቆቱ ነገር…»

«እትዬ» አልኩ፣ «አልተናገርኩም።»

«ምን አልሽ?»

«በስብሰባው ላይ አልተናገርኩም። ሴትዮዋ ስትፈቅድለት በጆሮዬ ሰምቻለሁ፣ ሁለት ጊዜ። ሲጠይቁኝ አላስታውስም አልኩ። ሌባ ያሰኘሁት እኔ ነኝ።»

እጄን ለቀቀችው። ጉልበቴን ትመታ የነበረችውም ሴት እጇን ሰበሰበች። እትዬ ውባለም ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ ሳበች። ልታለቅስ ነው ብዬ ነበር፤ አላለቀሰችም።

«ተነሺ» አለችኝ።

ማባረሯ ነው ብዬ ቦርሳዬን አነሣሁ።

«ቦርሳሽን ተይው! ሦስት ዓመት ሙሉ ሰው ሁሉ ሌባ ሲለው እዚሁ ሰፈር አንገቱን ደፍቶ ኖሯል። ለኔ የነገርሽኝን ለሰዉ ንገሪ። ጮክ ብለሽ። ወንዶቹም ይስሙ።»

ቆምኩ። ስጀምር ድምፄ አልወጣም፤ ያ ሽማግሌ እጁን ጆሮው ላይ አድርጎ «ምን ትላለች? አልሰማንም!» አለ። ወሬው በየተራ ጸጥ አለ፣ ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

«ማሩ አልሰረቀም» አልኩ፤ አሁን ጮክ ብዬ ነው። «የኮምፒውተሩ ኃላፊ ራሷ አሳየኝ ብላው ነው ያሳየው። እዚያው ነበርኩ፣ ሰምቻለሁ፣ አስታውሳለሁ።»